ባሕር ሥር የቀረ እሺታ

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ሰሌን ስንታታ ዋልን። ጀርባዬ አልቋል። ሄፒ እንደ ልማዷ ግማሹን ቀን ስታወራ፣ ግማሹን ደግሞ ብዙ በማውራቷ ይቅርታ ስትጠይቅ አሳለፈችው። ጎረቤቴ ባትሆን ምን ያለ ጸጥታ ይኖረኝ ነበር… ደግሞስ ጸጥታ ምን ይሠራልኛል? ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱማ ሞልቶልኛል።

ከሰዓት በኋላ ሎሳሊኔ ከኦክላንድ በቪዲዮ ደወለች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ለሠርግ ሰሌን ይፈልጋሉ። ዘርግተን አሳየናት። ጠርዙን አሳዩኝ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ… እያለች አንዲት ነገር ሳታልፍ አየችው። የወንድሜ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ግን የኔ ነው። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ከጀርባዋ ምድጃ ላይ የሚፈላው ሳይቀር ይታያል። ፋይበር የሚሉት የኢንተርኔት ገመድ በባሕር ሥር መጥቶ እስኪደርሰን ድረስ ፖስታ ቤት ተሰልፈን «ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» ስንል ነበር ደቂቃችን የሚያልቀው። ገመዱ ከባሕር የወጣ ዕለት ስንት አሳማ ታረደ… ፓስተሩ ራሱ ተነሥቶ ጨፈረ።

ወንድሜ ፌሌቲ ከወዲያኛው ክፍል ሲያስል ሰማሁት። መቼም በምስሉ አይመጣም፣ እኔም አልጠይቅም። ወንድምና እህት ነን፣ በወጋችን ካደግን ወዲያ ፊት ለፊት አንነጋገርም። ሰላምታውን በልጁ ይልካል፣ እኔም በልጁ እመልሳለሁ። አባትሽ እንዴት ነው ብላት «ያው ስኳሩ ነው፣ እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ወጥታለች» አለችና ወደ ሰሌኑ ተመለሰች።

ነገ ደግሞ ቅጠል ማድረቅ አለ።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ለእሑድ ምሳ ጎደሬውን ስልጥ መልእክት ገባ። እጄን ሳልታጠብ ነው የከፈትኩት፣ ስልኩ አሁንም ጭቃ ነው።

«አክስቴ፣ የአባቴ እግር ጠቁሯል። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ይቆረጥ፣ አለዚያ መርዙ ወደ ደሙ ይገባል ይላሉ። ከዚህ ሳምንት ማለፍ የለበትም። እሱ ግን እምቢ አለ። እትዬ እሺ ካላለች እግሬን ለማንም አልሰጥም ነው የሚለው። ምን ይላሉ?»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምን እላለሁ? የወንድሜን ገላ ስም ጠርቼ አላውቅም። በልጅነታችን እንኳ ወንዶቹ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ለብቻቸው ጎጆ ይሠራላቸው ነበር፣ ከዚያ ወዲያ እሱ ባለበት ቤት እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አላውቅም። አሁን ስለ እግሩ ልፍረድ?

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እዚህ ብቻ የምጽፈው። ደስ አለኝ። እግሩ ጠቁሮ እኔ ደስ አለኝ! ይህን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ኖሮ፣ የፈረንጅ ወረቀት ይዞ፣ አሁንም እህቱ ካላለች አይሆንም ማለቱ… ደረቴ ሞላ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ነገ እሑድ ነው፣ ልጸልይበት፣ ሰኞ ጠዋት ቃሌን እልካለሁ ብዬ ጻፍኩላት። እሺ አክስቴ፣ እንጠብቃለን አለች።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ዋለ። በእሑድ ጀልባ አይወጣ፣ ሱቅ አይከፈት፣ ልብስ አይታጠብ… እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ እሑድ አፍርሼ አላውቅም።

ስብከቱ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ፌሌቲ ኮኮናት ዛፍ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው የሚታየኝ። እንደዚያ ልጅ የሚወጣ አልነበረም። አንድ እግር ይዞ እንዴት ይኖራል? ቢሞትስ፣ ጎዶሎ ሆኖ ነው የሚቀበረው?

ሲመሽ ወሰንኩ። ይቆረጥ። የቀረው ገላው ይበቃኛል። ነገ ጎህ ሲቀድ እልካለሁ፣ ሎሳሊኔ ስትነሣ እንድታገኘው።

ጁላይ 7፣ ሰኞ

መስመር የለም።

ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ አልሄደም። እንደገና። አልሄደም። የኔ ስልክ መስሎኝ ሄፒ ጋ ሮጥኩ፣ የሷም እንደዚያው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣን፣ ግማሹ መንደር እዚያ ነው፣ ሁሉም ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይዞራል። ሄፒ «እግዜር ፎቶ ሊያነሣን ነው እንዴ የተሰለፍነው?» ብላ ሰውን አሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምሳ ሰዓት ይመለሳል ተባለ።

አሁን መሽቷል። አልተመለሰም።

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

የመንደሩ ሹም ፓውሊያሲ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበን። ገመዱ ባሕር ሥር ተበጥሷል። የመርከብ መልሕቅ ይሁን የባሕር ወለል ተንዶ፣ ገና አይታወቅም። እኛ ብቻ አይደለንም፣ ዋና ከተማው ኑኩአሎፋም ያው ነው፣ አገሩ በሙሉ ከውጭ ተቆራርጧል። ደሴት ለደሴት ማውራት ይቻላል፣ ባሕር ማዶ ግን የለም። የሚጠግነው መርከብ ሌላ አገር ሥራ ላይ ነው። «ታገሡ፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል» አለ።

ሳምንታት… ሐኪሞቹ በዚህ ሳምንት ነው ያሉት።

ሰው የየራሱን ጠየቀ። ባንክ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የልጅ ትምህርት። አንዷ ባሌ አውስትራሊያ ከማን ጋር እንደሚውል አሁን በምን አውቃለሁ ብላ አዳራሹን አሳቀችው። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቼ ስለ ወንድሜ እግር ልናገር? ወደ ቤቴ መጣሁ።

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። «ይቆረጥ» ይላል። አጠገቡ ቀይ ምልክት። በየሰዓቱ እጫነዋለሁ። ጣቴ ለመደው፣ ተኝቼም ሳልጫነው አልቀርም።

ቅዳሜ ማታ አንድ ቃል ብጽፍ ምን ነበረበት? አንድ ቃል! መስመሩ ክፍት ነበር፣ ልጅቷ እዚያ ማዶ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነበር፣ እኔ እዚህ ደረቴን ነፍቼ…

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

የሹሙ ቢሮ ውስጥ የሳተላይት ስልክ አለ። ፓውሊያሲን ለብቻው አግኝቼ ለመንኩት። የሚያስፈልገኝ አንዲት ደቂቃ ናት አልኩት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ለሹመቱ ይፈራል። ስልኩ የተሰጠው ለመንግሥትና ለጤና ጣቢያው ነው፣ ሒሳቡ ካለቀ የሚሞላልን የለም፣ ባለፈው የአውሎ ነፋስ ጊዜ አልቆብን አንዲት ወላድ ልናጣ ነበር አለኝ። እኔም የሕመም ጉዳይ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«በሽተኛው ግን እዚህ አይደለም፣ እናቴ። ኦክላንድ ሆስፒታል ተኝቷል። ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ነው ያለው።»

እውነቱን ነው። እግሩ እዚያ ነው፣ ሐኪሙ እዚያ ነው፣ ቢላው እዚያ ነው። የጎደለው ቃሌ ብቻ ነው።

ሄፒ ነገሩን ከኔ ላይ ቀስ በቀስ አውጥታ ስትጨርስ ቢሮው ድረስ ሄዳ ሰደበችው። ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩልህ እኔ ነኝ አለችው አሉ፣ ጸሐፊዋ ፊት። ስልኩን ግን አላመጣችም።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተስፋ አገኘሁ። ከመንደሩ ወደብ አንድ ባለ ሸራ ጀልባ ከቆመ ሰንብቷል፣ ፈረንጅና ሚስቱ ምሰሶ የሚጠግኑበት። ሄፒ ናት ያሰበችው። ዓሣ ልንሸጥላቸው የሄድን አስመስለን ጠጋ አልን። ሰውዬው እጅ የምታክል የሳተላይት መሣሪያ አለችው፣ ድምፅ አትወስድም፣ አጭር ጽሑፍ ብቻ። የሎሳሊኔን ቁጥር ሰጠሁት።

ግን ለምንድነው ወንድምሽን ራሱን ቀድሞ ያላናገርሽው አለኝ። ሚስቱም ቀና ብላ አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? አገራችን ወንድም እህቱን እንደ ንግሥት ያያል፣ ስለዚህ አያወራትም ልበለው? እብድ ነው የምመስለው። ሥራ ይበዛበታል አልኩት።

በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፣ የኛን ቋንቋ አያውቅም። ቦታው ጠባብ ነው፣ አሳጥሪው አለኝ። አሳጠርኩት። «ቶአካሴ ነኝ። እሺ ብያለሁ። እግሩን ቁረጡ። ቶሎ።»

እግሩን ቁረጡ… በራሴ አፍ። ግን ሄደ። መሣሪያዋ ጢው አለች፣ ሄደ። ሄፒ ዓሣውን በሙሉ በነጻ ሰጠቻቸው። ሌሊቱን እተኛለሁ ዛሬ።

ጁላይ 14፣ ሰኞ

ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?

ጠዋት ሰሌን የምንታታበት ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። መልሱ የመጣው ትናንት ነው። ፈረንጁ ይዞ ከጀልባው ወርዶ መንደሩን ዞሮታል፣ ማን ያናግረው? እሑድ ነው፣ መንገድ ላይ ሰው የለም፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከዚያም በልቶ ይተኛል። በቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዝማሬ ሰምቶ ሳይረብሸን ተመልሷል። ጨዋ ሰው… ምነው ባለጌ በሆነ። ይህንንና መልሱን ጽፎ ለጥፎልን፣ ነፋሱ ስለተስተካከለ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ሮጠን ወረድን፣ ባሕሩ ባዶ ነው።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ይሄ የእትዬ ቃል አይደለም አለ። እህቴ እንዲህ ብላ ስለ ገላዬ አትናገርም፣ ሐኪሞቹና አንቺ ተማክራችሁ የጻፋችሁት ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በመድኃኒት እየያዙት ነው። እርስዎ ከሆኑ እባክዎ በወጋችን ይንገሩት። ሎሳሊኔ።»

አላመነኝም። ማመን የለበትማ! እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ እህት ምን እንደምትል ምን እንደማትል ያውቃል። የታመመውን ለሐኪም ተውለት፣ ቀሪውን ለኔ አቆየው… እንዲህ ነበር ማለት የነበረብኝ። እንዲህ ብል ባንድ ጊዜ ያውቀኝ ነበር። አሳጥሪው ሲለኝ አሳጠርኩት፣ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም፣ ችኮላዬ…

አከበረኝ። ሊሞት ነው እያከበረኝ።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

ምግብ አልወርድ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከባሕር ዳር ተቀምጬ ዋልኩ፣ ሌላ ሸራ ይመጣ እንደሆነ። ምንም።

ይህ ሁሉ ውኃ። ከሥሩ አንዲት ክር ተበጥሳለች፣ እዚያ ታች፣ ጨለማው ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ከላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ባሕር እጠላለሁ ብዬ አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠላሁት።

ነገ የማደርገውን አውቃለሁ። ለሄፒ አልነገርኳትም፣ ታለቅሳለች።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

የሆነውን ልጻፈው።

ጠዋት በባሌ ቀብር፣ እንደ ሐዘን ወጋችን፣ ወገቤ ላይ የታጠቅሁትን አሮጌውን ሰሌን አወጣሁ። ተቀዳዶ፣ ተበጣጥሶ፣ እስከ ደረቴ የሚደርሰውን። ታጠቅሁት። ፓውሊያሲ ቢሮ ፊት ለፊት ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ነው እንዲህ የሚቀመጠው፣ ደም ያፈሰሰ፣ የባላባት ክብር የነካ። በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ሹም ደጅ ላይ እንዲህ ስትቀመጥ ያየ የለም። ዝናብ ጀመረ። አልተነሣሁም።

ፓውሊያሲ መጥቶ አየኝና ደነገጠ። እናቴ ይነሡ፣ እባክዎ ይነሡ… ይላል። የተቀደደ ሰሌን የታጠቀ ሰው ባለበት በር አልፎ መግባት አይቻልም፣ እሱም ያውቃል። ዝናብ ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው ተሰበሰበ። ሄፒ መጥታ ዣንጥላ ዘረጋችልኝና አጠገቤ ጭቃው ላይ ዘፍ አለች፣ በደህና ቀሚሷ።

ብዙ አልቆየም። ፓውሊያሲ ራሱ በጉልበቱ ወርዶ ስልኩን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ በላይ ሒሳብ የለም አለ። ስልኩ ደግሞ ጣሪያ ሥር አይሠራም፣ ሜዳ ላይ መሆን አለበት። ግማሹ መንደር ቆሟል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል።

ሎሳሊኔ አነሣች። ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። አታልቅሺ፣ ጊዜ የለም፣ ጆሮው ላይ አድርጊልኝ አልኳት። አክስቴ፣ ራሱን? አለች። ራሱን አልኩ።

ትንፋሹን ሰማሁ። ከባድ።

ከዚያ ሰዎቹ… ማንም ሳያዝዛቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሁሉም። ሹሙ፣ ጸሐፊዋ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ዝናብ እየመታቸው ወደ ባሕሩ ዞረው ቆሙ። እንዳልሰሙ እንዲሆን።

«ፌሌቲ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«የፈረንጁም መልእክት የኔ ነው። ሰው የፈጠረው አይደለም። ወግ ያጣሁት ቸኩዬ ነው። የታመመውን ለሐኪሞቹ ተውላቸው። እግርህን ስጣቸው፣ ወንድሜ። ነውሩ በኔ ላይ ይሁን። ራስህን አቆይልኝ።»

ደቂቃው ሲሄድ ይታወቀኛል። ሊያናግረኝ አፍሮ እንደሆነ ገባኝ፣ ሐኪሞቹ ባሉበት ክፍል ራቁቱን የተያዘ ያህል። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብሎ…

«እሺ፣ እትዬ።»

ድምፁ የአባታችን ሆኗል። ልጅ ሳለ ነው በደንብ የሰማሁት፣ መቼ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ዛሬ ይቆርጡታል። ወይ ትናንት ማታ ቆርጠውታል። በምን አውቃለሁ?

ፓውሊያሲን ዛሬ ልጠይቀው አልችልም። ያን ሰሌን ለልመና ሁለት ጊዜ አይታጠቁትም። ደግሞም ስልኩ የለም፣ ወደ ታችኛው ደሴት በጀልባ ሄዷል፣ እዚያ ብዙ ሕፃናት ታመዋል።

ጁላይ 20፣ እሑድ

ፓስተሩ ስለ ፌሌቲ በስሙ ጸለየ። ሁሉም አሜን አለ። ጭቃው ላይ ከተቀመጥኩበት ቀን ጀምሮ መንደሩ በሙሉ የኔ ዘመድ ሆኗል፣ ጎደሬ የማያመጣልኝ የለም። ማን ይበላዋል?

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ

ምንም።

ጥሩ ነው ማለት ነው? ክፉ ወሬ መንገድ አያጣም ትላለች ሄፒ፣ ቢሞት ኖሮ በኑኩአሎፋ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሆነ መንገድ ይደርስሽ ነበር። ቀን ቀን አምናታለሁ።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

በሬዲዮ መርከቡ ደርሷል፣ ገመዱን ከባሕር ወለል እየፈለጉት ነው ተባለ። በመንጠቆ ነው አሉ የሚፈልጉት፣ እንደ ዓሣ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔን እስካሁን አለማወቅ ነበር ያሰቃየኝ፣ አሁን ደግሞ ማወቅ ፈራሁ።

ያቺን ቅዳሜ ማታ ግን እንዴት አድርጌ ልርሳት? መርዙ ወደ ደም ይገባል ነው ያሉት፣ በዚህ ሳምንት። እኔ ልጸልይበት አልኩ። ማን ጠየቀኝ ጸሎት?

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

አንድ ሰሌን ጨርሼ ፈታሁት። ጠማማ ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ኦገስት 10፣ እሑድ

ስብከቱ መሀል ነበር። ገመዱ ከሞተ ወዲህ ስልክ የሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ በኪሱ፣ በቦርሳው ይዞት ይገባ ነበር፣ መዝጋት የረሳ እንጂ ያስታወሰ የለም። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ነዘረ። ቀጥሎ አንዱ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ጢው፣ ጢው… አግዳሚው ራሱ ተንቀጠቀጠ። የወር ወሬ በአንድ ጊዜ። ፓስተሩ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። አንድ ሰው እንኳ ስልኩን አላወጣም። እሑድ ነው። ሁሉም ጭኑ ላይ እጁን ጭኖ ወደ ፊት እያየ፣ የአንዳንዱ ዓይን እንባ ሞልቶ።

ጉልበቴ ላይ ያለው ቦርሳ ይነዝራል፣ ይቆማል፣ ይነዝራል።

ተነሣሁ። በመሀል መንገዱ፣ ፓስተሩ እያየኝ፣ በስብከት መሀል ወጣሁ። በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት።

በተራ ነው የመጡት። «አክስቴ፣ ሰኞ ነው፣ እየጠበቅን ነው።» «አክስቴ፣ ደረሰዎት?» «አክስቴ፣ ይጠይቃል።» «አክስቴ፣ ዛሬም ይጠይቃል፣ ምን ልበለው?» ከዚያ «ድምፅዎን ከሰማ በኋላ ዛሬ ወረቀቱን ፈረመ። ፈገግ አለ አክስቴ፣ እትዬ ተቆጣችኝ ብሎ ለነርሷ ነገራት።» ከዚያ ከጉልበት በላይ እንደቆረጡት። ከዚያ ትኩሳት። ከዚያ መርዙ ደሙ ውስጥ ቀድሞ እንደገባ። ከዚያ የመተንፈሻ መሣሪያ። ከዚያ ኩላሊት። የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነው፦ «አክስቴ፣ አይነቃም ይላሉ። መሣሪያውን ለማንሣት የቤተሰብ ቃል ይፈልጋሉ። እኛ ልጆቹ ነን፣ ያለ እርስዎ አንልም። መስመሩ ሲመለስ ይደውሉ።»

ደወልኩ። በቪዲዮ። ወዲያው አነሣች፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። አፏን ሳትከፍት አሳዪኝ አልኳት።

አየሁት። ከልጅነታችን ወዲህ የወንድሜን ፊት እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ሸበተ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ቱቦ አፉ ውስጥ። አገጩ ላይ ጠባሳ አለ፣ መቼ እንደወጣበት አላውቅም፣ የምጠይቀውም የለም። እሱ ቢነቃ ፊቱን ያዞርልኝ ነበር። አላዞረም።

በወጋችን በሬሳ ራስጌ የምትቀመጠው እህት ናት። ራስጌው ላይ አድርጊኝ አልኳት፣ ትራሱ ላይ፣ ጆሮው አጠገብ። አደረገችኝ።

ሎሳሊኔ ነገ ድረስ ማሰብ ይችላሉ አክስቴ፣ ይጠብቁናል አለች።

«አይሆንም፣ ልጄ» አልኩ። «ነገ የለም። ልቀቁት በያቸው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ቶአካሴ ናት ያለችው በያቸው።»

ነርሷ መጥታ ቱቦውን አወጣች። ውስጥ መዝሙር ተጀመረ፣ በሩ ክፍት ነው፣ እዚያ ማዶ ድረስ ተሰማ። ሄፒ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ስልኩን የያዘ እጄን በሁለት እጇ ደገፈችልኝ። ስለ ኮኮናቱ ዛፍ አወራሁት። ስለ አባታችን። በሕይወታችን ሙሉ ያላወራነውን ሁሉ፣ ያለ ወግ፣ እንደመጣልኝ። መስመሩ አንዴ እንኳ አልጠፋም። እያንዳንዱን ትንፋሽ ሰማሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ራስጌው ነበርኩ።